የግሪምኬ ቤተ ሰብ ተወላጆች፦ በደቡብ ካሮላይና ስም፣ ደምና መዝገብ የተለያዩበት መንገድ

በኢትዮጵያ ሰሜናዊና ማዕከላዊ ክፍል የትውልድ ሐረግ መቁጠር የቆየ ሥራ ነው። ለጋብቻ የታሰቡ ወጣቶች ዘመዳሞች እንዳይሆኑ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርላቸዋል፤ ርስት የሚጠይቅ ሰውም ራሱን ከአቅኚው አባት ጋር የሚያገናኘውን ሐረግ በአባቱም በእናቱም ወገን እየቆጠረ በዳኛ ፊት ያቀርብ ነበር። አንዲት ቅድመ አያት የዘነጋ ባለርስት መሬት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የዘር ቆጠራ ከንብረት ጋር መተሳሰሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ሕግ ራሱ ልጁን ከአባቱ ሐረግ ቆርጦ የአባቱ ንብረት የሚያደርግበት ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ፍጻሜ፣ እስከ 1865 ድረስ፣ ጸንቶ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በደቡብ ካሮላይና ግዛት በቻርለስተን ከተማ ይኖር የነበረውን የግሪምኬ ቤተ ሰብ ነው። ቤተ ሰቡ በታሪክ መጻሕፍት የሚታወቀው ባርነትን ተቃውመው ወደ ሰሜን በሄዱት በሁለቱ እኅትማማች፣ በሣራና በአንጀሊና ግሪምኬ፣ ምክንያት ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የዚህ ቤት ተወላጆች እነማን ናቸው? ፈላጊው ስሙን ተከትሎ ቢሄድ አንድ ቦታ ይደርሳል፤ ደሙን ተከትሎ ቢሄድ ሌላ ቦታ፤ መዝገቡን ብቻ ቢያምን ደግሞ ከቤቱ ልጆች ሦስቱን ጨርሶ አያገኛቸውም። የሦስቱ መንገዶች መለያየት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ሕግ ያበጀው ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የዳኛው ቤት

የቤቱ ራስ ጆን ፎሼሮ ግሪምኬ በ1752 ተወለደ። ሕግ በእንግሊዝ አገር ተማረ፤ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የመድፈኛ ጦር መኮንን ሆኖ ተዋጋ፤ ከዚያም በደቡብ ካሮላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። በ1784 ሜሪ ስሚዝ የተባለች የትልቅ ቤት ልጅ አግብቶ 14 ልጆች ወለዱ። ሀብታቸው የተመሠረተው በባሪያዎች ጉልበት ላይ ነበር፤ በከተማው ቤት የሚያገለግሉ ነበሩ፣ በእርሻዎቹ ላይ ጥጥ የሚያለሙም ነበሩ።

ከልጆቹ መካከል ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉን አምስት ናቸው። ቶማስ በ1786 ተወልዶ ስመ ጥር ጠበቃ ሆነ። ፍሬዴሪክ ወደ ኦሃዮ ሄዶ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ፤ ሚስት አላገባም። ሣራ በ1792፣ ሄንሪ በ1801፣ አንጀሊና በ1805 ተወለዱ። ሣራ አንጀሊናን ክርስትና ያነሣቻት ታላቅ እኅቷ ናት፤ በመካከላቸው የ12 ዓመት ልዩነት ስለነበር እኅትነቱ ከእናትነት ጋር የተደባለቀ ነበር። ሣራ በ1819 የታመመውን አባቷን ለሕክምና ይዛ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደች፤ አባቷ በዚያው ጉዞ በኒው ጀርሲ የባሕር ዳርቻ ሞተ። በጉዞው ያገኘቻቸው ኩዌከሮች፣ ማለትም ባርነትን የሚቃወሙት የክርስትና ወገኖች፣ አሳቧን ለወጡት፤ በ1821 ከቻርለስተን ጠቅልላ ወጣች። አንጀሊና በ1829 ተከተለቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው ብዙ ተጽፎበታል። አንጀሊና በ1836 ለደቡብ ክርስቲያን ሴቶች ባርነትን እንዲቃወሙ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተመች፤ በፌብሩዋሪ 1838 በማሳቹሴትስ የሕግ አውጪ ኮሚቴ ፊት ቆማ ተናገረች፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ቴዎዶር ዌልድ የተባለውን የባርነት ተቃዋሚ አገባች። በ1839 ዌልድና ሁለቱ እኅትማማች የባርነትን ሁኔታ በምስክርነት የሚገልጽ ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጁ። ከምስክሮቹ ሁለቱ ራሳቸው ነበሩ፤ በአባታቸው ቤትና በጎረቤቶቻቸው ቤት ያዩትን ጻፉ። እነዚህ ሴቶች ስለ ደቡብ ቤቶች ምስጢር ከማንም በላይ ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል። በገዛ ወንድማቸው ቤት የሚሆነውን ግን 30 ዓመት ያህል ዘግይተው፣ ያውም ከጋዜጣ ላይ ሰሙ።

ሄንሪና ናንሲ ዌስተን

ሄንሪ ግሪምኬ ጠበቃና ባለእርሻ ነበር። ሚስቱ በ1843 ከሞተችበት በኋላ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው እርሻው ላይ ናንሲ ዌስተን ከተባለች ሴት ጋር ኖረ። ናንሲ የቤቱ ባሪያ ነበረች። አርችባልድ በ1849፣ ፍራንሲስ በ1850 ተወለዱ፤ ሦስተኛው ጆን የተወለደው አባቱ በሞተበት ጊዜ ገደማ ነው። ሄንሪ በ1852 በተስቦ በሽታ ሞተ።

እዚህ ላይ ሕጉን መመልከት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የሚከተለው የአባቱን ማዕረግ ነበር። ቨርጂኒያ በ1662 ይህን ገለበጠችው፤ ከባሪያ እናት የተወለደ ልጅ አባቱ ማንም ይሁን ማን ባሪያ ነው ተባለ። ደቡብ ካሮላይናም በ1740 በወጣው የባርነት ሕጓ ልጅ የእናቱን ሁኔታ እንዲከተል ደነገገች። የሕጉ ውጤት ግልጽ ነው፤ ጌታው ከባሪያው የወለደው ልጅ የሚጨምርለት የንብረቱን ቍጥር እንጂ የወራሾቹን ቍጥር አይደለም። አባትነት በሕግ ፊት ስለማይጠየቅ በመዝገብም አይጻፍም።

ታዲያ ሄንሪ ናንሲንና ልጆቿን ስለ ምን ነጻ አላወጣቸውም? ይህን ጥያቄ ሁሉም አንባቢ ያነሣዋል፤ መልሱም ከሰውየው ጠባይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ደቡብ ካሮላይና ከ1820 ጀምሮ አንድ ጌታ በራሱ ፈቃድ ባሪያውን ነጻ እንዳያወጣ ከልክላ ነጻ ማውጣትን ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ብቻ ተወች። በ1841 ደግሞ በኑዛዜ ወይም በአደራ ስም የሚደረገውን ማምለጫ ዘጋች። ሄንሪ ጠበቃ ስለነበረ ይህን ያውቃል። ስለዚህ በኑዛዜው ናንሲንና ልጆቹን ከመጀመሪያ ሚስቱ ለወለደው ለበኵር ልጁ ለሞንቴግ አወረሳቸው፤ እንደ ቤተ ሰብ እንዲይዛቸውም አሳሰበው። ወንድም ወንድሞቹን ወረሰ ማለት ነው። እኔ ግን ሄንሪን ሕጉ ሙሉ በሙሉ ያድነዋል አልልም። በሕይወት ሳለ ወደ ሰሜን ሊልካቸው የሚችልባቸው ዓመታት ነበሩት፤ እኅቶቹም በሰሜን ነበሩ።

ሞንቴግ መጀመሪያ ናንሲን ተዋት። እሷም በቻርለስተን ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች፣ በሕግ የሌላ ሰው ንብረት ሆና ሳለ፣ ሦስት ልጆቿን አሳደገች፤ ፊደልም አስተማረቻቸው። በ1860 ግን ሞንቴግ አዲስ ቤት መሥርቶ አገልጋይ ሲያስፈልገው ልጆቹን ጠየቀ። አርችባልድ በወንድሙ ቤት ሎሌ ሆነ፤ ተገረፈም። በመጨረሻ ጠፍቶ ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ በዚያው በቻርለስተን ሁለት ዓመት ያህል ተደበቀ። ፍራንሲስ ጠፍቶ ለአንድ የደቡብ ጦር መኮንን አሽከር ሆኖ ሠራ፤ በኋላ ተይዞ ታሰረ፣ በእስር ቤትም በጽኑ ታመመ፤ ሞንቴግም ለሌላ መኮንን ሸጠው። የሽያጭ ውሉን ከአባታቸው ኑዛዜ ጋር አጣጥሞ የሚያነብ ሰው ሻጩና ተሸጪው የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን ከወረቀቱ ሊረዳ አይችልም። ወረቀቱ የሚለው ሌላ ነው።

የ1868ቱ ደብዳቤ

ጦርነቱ ሲያበቃ አርችባልድና ፍራንሲስ ለነጻ ወጪዎች በቻርለስተን በተከፈተ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1866 ወደ ሰሜን ተላኩ፤ ጥቂት ቆይተውም በፔንሲልቬኒያ በሚገኘው በሊንከን ዩኒቨርሲቲ መማር ጀመሩ። በ1868 መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲው መምህራን አንዱ ስለ ተማሪዎቹ ችሎታ በአንድ የፀረ ባርነት ጋዜጣ ላይ ጻፈ፤ በቅርቡ ከባርነት የወጣ ግሪምኬ የተባለ ተማሪንም አነሣ።

አንጀሊና በዚያ ጊዜ 63ኛ ዓመቷን ልትይዝ ጥቂት ቀርቷት በማሳቹሴትስ በሃይድ ፓርክ ትኖር ነበር። ጋዜጣውን አነበበች። ስሙ ብርቅ ነው፤ በመላው አገር ያሉት ግሪምኬዎች ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው ቢባል ስሕተቱ ጥቂት ነው። በፌብሩዋሪ 1868 ለተማሪው ጻፈችለት፤ ከወንድሞቿ የአንዱ ባሪያ እንደነበረ ገምታ ማንነቱን ጠየቀችው። አርችባልድ በዚያው ወር መለሰላት። አባቱ ሄንሪ ግሪምኬ መሆኑን፣ እናቱ ናንሲ ዌስተን መሆኗን፣ ሦስት ወንድማማች መሆናቸውን፣ አባታቸው ሲሞት ለሞንቴግ እንደተዋቸውና በሞንቴግ እጅ የደረሰባቸውን ሁሉ በሥርዓት ዘርዝሮ ጻፈ።

ለትውልድ ሐረግ ተመራማሪ ይህ ደብዳቤ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ስለ ሦስቱ ልጆች አባትነት የሚናገር የልደት መዝገብ የለም፤ የጥምቀት መዝገብም ሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ አባትነቱን አያረጋግጥም። ያለው አንድ የ18 ዓመት ወጣት የጻፈው ምስክርነትና አንዲት አሮጊት አክስት የሰጠችው እምነት ነው። አንጀሊና ማስረጃ አምጣ አላለችም። የደቡብን ቤቶች ታውቃቸው ስለነበር የጻፈላት ነገር ከምታውቀው ጋር ገጠመላት። በጁን ወር ከልጇ ጋር ወደ ሊንከን ሄዳ የወንድሟን ልጆች በአደባባይ ዘመዶቼ አለቻቸው። የርስት ሙግት የለመደ አንባቢ ይህን ሲያይ ሽማግሌ በዳኛ ፊት ቆሞ «ይህ ልጅ ከእኛ ቤት ነው» ያለበትን ቀን ያስታውሳል። ልዩነቱ የሚከፋፈል መሬት አለመኖሩ ነው።

ሆኖም ዕውቅናው ሸክም ነበረበት። አንጀሊና በኋላ በጻፈችው ደብዳቤ የግሪምኬ ስም በአንድ ወቅት የተከበረ እንደነበረና አሁን በትቢያ ላይ መውደቁን አስታውሳ፣ ልጆቹ በቀና አካሄዳቸው እንዲያነሡት አደራ አለቻቸው። ባሪያዎቹ ያልጣሉትን ስም እንዲያነሡ ነው አደራ የተባሉት። ገርዳ ለርነር በ1967 ስለ እኅትማማቹ የጻፈችው መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የቤተ ሰቡ ዋና ታሪክ ሆኖ ሲነበብ፣ ትኵረቱ በሁለቱ ሴቶች ጀግንነት ላይ ነበር። ኬሪ ግሪኒጅ በ2022 ያሳተመችው ጥናት ግን ጥቍሮቹን ግሪምኬዎች ከመካከል አስቀምጦ የአክስቶቹን ርኅራኄ ወሰን አሳይቷል። ሁለተኛው አቀራረብ ለተወላጅ ፍለጋ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ነገሩን ከዕውቅና ሰጪው ወገን ሳይሆን ከተወለደው ወገን ጀምሮ ያያልና።

አክስቶቹ ያገዙት አርችባልድ በ1874 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከ1894 እስከ 1898 በሳንቶ ዶሚንጎ የአሜሪካ ቆንሲል ነበር፤ በኋላም ለጥቍሮች መብት በቆመው ብሔራዊ ማኅበር የዋሽንግተን ቅርንጫፍ ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ፤ በ1919 የማኅበሩን የስፒንጋርን ሜዳልያ ተሸለመ። ፍራንሲስ በ1878 ከፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ወጥቶ በዋሽንግተን የአሥራ አምስተኛው ጎዳና ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን እረኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የፊላዴልፊያውን ባለጸጋ የጄምስ ፎርተንን የልጅ ልጅ ሻርሎት ፎርተንን አገባ። ጆን የወንድሞቹን መንገድ አልተከተለም፤ ከእነሱ ርቆ ኖረ፤ በቤተ ሰቡ ታሪክም ውስጥ የሚጠቀሰው በጥቂት መስመር ነው።

ስሙ ወደ የት ሄደ

አሁን ወደ ነጩ ወገን እንመለስ። ዳኛው 14 ልጆች የወለደ ስለሆነ ግሪምኬ የሚለው ስም በቻርለስተን ነጮች ዘንድ በስፋት ይቀጥላል ብሎ መገመት ይቻላል። በበኵሩ በቶማስ ቤት የሆነውን ስንመለከት ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም።

ቶማስ የማግኖሊያ እርሻ ባለቤት የነበረውን የቶማስ ድሬይተንን ልጅ አግብቶ ነበር። ድሬይተን ወንድ ወራሽ ስላልነበረው እርሻውን ለልጁ ልጆች አወረሰ፤ ውርሱን የሚቀበለው ግን ድሬይተን የሚለውን ስም እንዲወስድ በኑዛዜው አዘዘ። ስለዚህ ጆን ድሬይተን ግሪምኬ ሆኖ የተወለደው ልጅ ጆን ግሪምኬ ድሬይተን ሆነ። ታላቅ ወንድሙ ስለሞተ እርሻው ገና በወጣትነቱ በእጁ ገባ። እሱም የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆኖ ሲያገለግል የእርሻውን የአትክልት ቦታ በአዛሊያና በካሜሊያ አበቦች አስዋበ። ቤቱ በጦርነቱ ፍጻሜ ተቃጠለ። ሀብቱ ስለተመናመነ ከ1870ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የአትክልት ቦታውን በክፍያ ለጎብኚዎች ከፈተ። በ1891 ሲሞት ርስቱ በሴት ልጁ በኩል አለፈ፤ ተወላጆቹም የአባታቸውን ስም ይዘው ሄስቲ ተባሉ። ማግኖሊያ ዛሬም በአሽሊ ወንዝ ዳር የሚጎበኝ ስፍራ ነው።

ይህን ከናንሲ ልጆች ታሪክ ጋር አስተያዩት። ዘመዳሞች ናቸው፤ ቄሱ ድሬይተን የአርችባልድና የፍራንሲስ የአጎት ልጅ ነው። የርስቱ ባለመብት ስሙን ለርስቱ ሲል ለወጠ። ከርስቱ የተነቀሉት፣ ራሳቸውም ርስት ሆነው በኑዛዜ የተላለፉት፣ ስሙን ይዘው ቀሩ፤ በሃርቫርድ መዝገብ፣ በቆንሲላ ሹመትና በቤተ ክርስቲያን ስብከት ላይ ያስጻፉትም እነሱ ናቸው። የአንጀሊና ልጆች ደግሞ በአባታቸው ስም ዌልድ ይባላሉ። ስለዚህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ግሪምኬ የሚል ስም በአደባባይ ሲጠራ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው የዋሽንግተኑ ጥቍር ቄስ ወይም ጠበቃው ወንድሙ ነበር። በስም ብቻ ሐረግ የሚቆጥር ሰው የዳኛውን የበኵር ልጅ ወገን አጥቶ መዝገብ የካዳቸውን ያገኛል። ይህ የስም አካሄድ በኑዛዜና በጋብቻ የተሠራ ሲሆን ከቤቱ ፈቃድ ጋር ምንም አልተስማማም።

ዝነኛ ያልሆኑት

ሆኖም ከላይ ያለውን ታሪክ ለመጻፍ ያስቻለን ሁለቱ ወንድማማች ታዋቂ መሆናቸው ነው። በዳኛው እርሻዎች ላይ የነበሩት ሌሎች ሰዎችስ? እነሱም ልጆች ወልደዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ አሉ። እነሱን የሚፈልግ ሰው ምን ይገጥመዋል?

መጀመሪያ የሚገጥመው በ1850 እና በ1860 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነው። ቆጣሪዎቹ ለባሪያዎች የተለየ መዝገብ ነበራቸው፤ የጌታው ስም በላይ ይጻፍና ከሥሩ በእያንዳንዱ መስመር የአንድ ሰው ዕድሜ፣ ጾታና ቀለም ይሰፍራል። ስም የለውም። የቀለሙ ዓምድ የሚቀበለው ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ አንዱ ጥቍር፣ ሌላው ክልስ ማለት ነው። አባትነት በመንግሥት መዝገብ ላይ የታየበት ብቸኛ ስፍራ ይህች ፊደል ናት ማለት ይቻላል፤ ነጭ አባት እንዳለ ትናገራለች፤ ማንነቱን ግን አትናገርም። ነጻ ወጪዎች እንደ ሌላው ሰው በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከ1870 ወደ ኋላ ለመሄድ ሲሞክሩ ግድግዳ እንደሚገጥማቸው ይናገራሉ። የ1890ው ቆጠራ አብዛኛው ክፍል በ1921 በዋሽንግተን በተነሣ ቃጠሎ ምክንያት ስለጠፋ ከ1880 እስከ 1900 ያለውም ዘመን ባዶ ነው፤ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎና ከቤት ወጥቶ በአንድም ቆጠራ ላይሰፍር የሚችልበት 20 ዓመት።

ግድግዳው ግን ቀዳዳዎች አሉት፤ የሚያሳዝነው አብዛኛዎቹ የንብረት ወረቀቶች መሆናቸው ነው። ጌታ ሲሞት የንብረት ቆጠራ ይደረጋል፤ በዚያም ባሪያዎች በስማቸው፣ ከጎናቸው ግምታቸው ተጽፎ ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ እናትና ሕፃናቷ በአንድ ላይ ይመዘገባሉ፤ አባት አይመዘገብም። የሽያጭ ውል፣ የመያዣ ውልና የኑዛዜ ክፍፍልም እንዲሁ ናቸው። አንድን ቤተ ሰብ የበተነው ወረቀት ያ ቤተ ሰብ እንደነበረ የሚያስረዳ ብቸኛ ምስክር ሆኖ ይቀራል። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ከ1865 እስከ 1872 የሠራው የነጻ ወጪዎች ቢሮ መዝገቦች አሉ፤ በበጎ ፈቃደኞች ጥረት በ2016 የተጠናቀቀው የስም ማውጫቸው ወደ 1.8 ሚሊዮን ስሞች ይዟል። በ1865 ተቋቁሞ በ1874 የተዘጋው የነጻ ወጪዎች ባንክም በቻርለስተን ቅርንጫፍ ነበረው። ባንኩ ገንዘብ አስቀማጩን የአባቱን፣ የእናቱን፣ የእኅት ወንድሞቹንና አንዳንዴም የቀድሞ ጌታውን ስም ይጠይቀው ነበር። ባንኩ ሲከስር ብዙ ድኾች ቍጠባቸውን አጡ፤ መዝገቡ ግን ተረፈ።

ይህ ሁሉ ሲገጣጠም ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ከዚያው ከቻርለስተን አካባቢ የቦል ቤተ ሰብን መጥቀስ ይበቃል። የዚህ ቤት ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ቦል በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ አባቶቹ በባርነት የገዟቸውን ሰዎች ተወላጆች ፈልጎ አነጋግሯል፤ በሕይወት ያሉትን ከ75,000 እስከ 100,000 ይገምታቸዋል። ሥራውን ያስቻለው ቦሎች ለባሪያዎቻቸው የያዙት ጥንቁቅ መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ መሠረት በ1756 ከሴራሊዮን ተጭና የመጣች ጵሪሲላ የተባለች የ10 ዓመት ልጅ ሐረጓ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይቋረጥ ተቆጥሯል። እንዲህ ያለ የተሟላ ሐረግ እጅግ ብርቅ ነው። ከሌላ አቅጣጫ ደግሞ በ1998 በሄሚንግስ ተወላጆችና በቶማስ ጄፈርሰን ቤተ ሰብ ላይ የተደረገው የዘረ መል ምርመራ ማዲሰን ሄሚንግስ በ1873 በኦሃዮ ጋዜጣ ላይ ስለ አባቱ የሰጠውን ቃል ደግፎለታል። ከ100 ዓመት በላይ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ቃል እንደ ወሬ ቆጥረውት ነበር። አርችባልድ ግሪምኬን ያመነችው አክስቱ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ማዲሰን ሄሚንግስ እንዲህ ያለ አክስት አልነበረውም።

በነገራችን ላይ ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የባርነት ሕጋዊ ህልውና በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ በየቤቱ ከገረድ የተወለዱ ልጆች ሐረግም ሲቆጠር አንዳንዴ በሹክሹክታ ብቻ ይታወቅ ነበር። የእኛ ቤት ታሪክ ጸሐፊዎች በኑዛዜና በርስት ክርክር ሰነዶች ላይ ተመሳሳይ ሥራ ቢሠሩ የሚገኘው ፍሬ ትንሽ አይሆንም።

የመጨረሻዋ

አርችባልድ በ1879 ሣራ ስታንሊ የተባለች ነጭ ሴት አገባ፤ ቄስ የነበረው አባቷ ጋብቻውን ተቃወመ። በ1880 ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። አክስቱ አንጀሊና ባለፈው ዓመት በኦክቶበር ሞታ ስለነበር ልጁን አንጀሊና ዌልድ ግሪምኬ ብለው ሰየሟት። ጋብቻው ብዙ አልቆየም፤ ልጅቱ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በአባቷ ዘንድ አደገች። ፍራንሲስና ሻርሎት በዚያው በ1880 የወለዷት ሴት ልጅ በሕፃንነቷ ስለሞተች አንጀሊና የሁለቱ ወንድማማች ብቸኛ ልጅ ሆነች።

በዋሽንግተን መምህርት ነበረች፤ ግጥምም ትጽፍ ነበር። በ1916 በከተማዋ የታየው ራሔል የተባለው ቲያትሯ ጥቍሮች ያለ ፍርድ በሚሰቀሉበት አገር ልጅ ላለመውለድ ስለምትወስን ወጣት ሴት የሚናገር ነው። ደራሲዋ ራሷ አላገባችም፤ ልጅም አልወለደችም። አንዳንዶች ቲያትሩን እንደ ሕይወት ታሪኳ ያነቡታል፤ እኔ ግን የአንዲት ደራሲ ሥራ ለቤተ ሰብ ሐረግ ማስረጃ ሊሆን አይችልም ባይ ነኝ። አባቷ በ1930፣ አጎቷ ፍራንሲስ በ1937 ሞቱ። እሷ ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ በዚያ ስትኖር በ1958 ዐረፈች። በአርችባልድና በፍራንሲስ በኩል ያለው የሄንሪና የናንሲ ሐረግ በእሷ አበቃ።

የቤተ ሰቡ ወረቀት ዛሬ በሦስት ከተሞች ተከፋፍሎ ይገኛል። የሣራና የአንጀሊና ደብዳቤዎች ከቴዎዶር ዌልድ ወረቀቶች ጋር በአን አርበር በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የክሌመንትስ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የዳኛው ቤት ሰነዶች በቻርለስተን በደቡብ ካሮላይና የታሪክ ማኅበር ተቀምጠዋል። የአርችባልድ፣ የፍራንሲስና የአንጀሊና ዌልድ ግሪምኬ ወረቀቶች ደግሞ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሙርላንድ ስፒንጋርን የምርምር ማእከል ይገኛሉ። ሐረጉን ከዳር እስከ ዳር መቁጠር የሚፈልግ ተመራማሪ ሦስቱንም ከተሞች መጎብኘት አለበት።